ልጅ «አመመኝ» ሲል፦ ስብራት፣ ጄሶ እና የወላጆች ድርሻ



በዚህ ወር የቤተሰብ ጤና ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ ከራሳችን ቤት የወጣ ነው። ከዝግጅት ክፍላችን ባልደረቦች የአንዷ የእህት ልጅ ሰባት ዓመቱ ነው። ቤተሰቡ የሚኖረው ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ነው። ልጁ አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር ኳስ ሲጫወት በግራ እጁ ላይ ወደቀ። ክንዱ ከእጅ አንጓው ከፍ ብሎ ጎበጠ። አያቱ «ወጌሻ ይጠራ» አሉ። አባቱ ግን «በመጀመሪያ ራጅ ይነሳ» ብሎ ልጁን አቅፎ አቅራቢያቸው ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ይዞት ሄደ። ራጁ ሲታይ ሁለቱም የክንድ አጥንቶች ተሰብረው ነበር።

«ቀላል ነገር ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም» ተባለ። አባት ትከሻውን፣ አጎት እግሮቹን ያዙ። ባለሙያው እጁን ስቦ አጥንቱን አስተካከለ። ከዚያ በፊት የሚዋጥም ሆነ የሚወጋ አንዳች ማስታገሻ አልተሰጠውም ነበር። የልጁ ጩኸት እስከ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። እኛም በበኩላችን ከጎኑ ቆመን «አይዞህ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም፣ ሶብር አድርግ» ስንለው ነበር። ጄሶ ታሰረለት። ወደ ቤት ተመለስን። ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎን ነበር።

ያን ማታ ልጁ ጭምት ሆነ። እናቱ «ያምሃል ወይ?» ብትለው «አያመኝም» አለ። እራቱን ሳይበላ ተኛ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ አክስቱ ልታየው ብትነሳ ዓይኑ ፈጦ፣ ከንፈሩን ነክሶ አገኘችው። ከጄሶው የወጡት ጣቶቹ አብጠዋል፤ ቆዳቸው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ ነክታ ብታያቸው ቀዝቅዘዋል። አንዷን ጣቱን ቀስ ብላ ስትዘረጋት እንባው ዱብ ዱብ አለ። «ለምን አልነገርከንም?» አለችው። «ከነገርኳችሁ ወስዳችሁ ደግሞ ታስጎትቱኛላችኋ!» አላት።

በዚያው ሌሊት ወደ ሌላ ሆስፒታል ተወሰደ። ተረኛው ሐኪም ጊዜ ሳያጠፋ ጄሶውን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ ከስሩ ያለውን ጥጥና ፋሻ ሁሉ አላላው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጣቶቹ ሙቀታቸውና ቀለማቸው ተመለሰ። አልሐምዱ ሊላህ፣ እጁ ተረፈ።

ያ ልጅ የተናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ከአእምሯችን አልወጣችም። ልጁ ሕመሙን የደበቀው ሕመሙን መናገር ሌላ ሕመም እንደሚያመጣበት ስላስተማርነው ነበር። በመሆኑም ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ የአጥንት ሕክምና ባለሙያዎች የሚሉትን አሰባስበን፣ ወላጆች ማወቅ የሚገባቸውን በቀላል አማርኛ ለማቅረብ ሞክረናል።

ቀላል የሚባሉት ሕክምናዎች

በአጥንት ሕክምና «ቀላል» የሚባሉ ሥራዎች ብዙ ናቸው። የተሰበረ ክንድን ስቦ ማስተካከል፣ የወለቀን መገጣጠሚያ መመለስ፣ ጄሶ ማሰር፣ ጄሶ በመጋዝ መቁረጥ፣ አጥንት ለማያያዝ የገባን ቀጭን ሽቦ ማውጣት፣ ቁስል መስፋት ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። ቀላል የተባሉት ለሐኪሙ ነው፤ ሆድ አይከፈትም፣ ሕመምተኛውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለልጁ ግን የተሰበረ አጥንት ሲሳብ ቀላል የሚባል ነገር የለም።

በምሥራቅ አዲስ አበባ ለዚህ ዓይነት ጉዳት ምክንያቱ ሞልቷል። በአያት፣ በሰሚትና በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች ልጆች የሚጫወቱት በደረጃና በመኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ግንባታ ባልተጠናቀቀበት ሁሉ ጉድጓድና የተቆለለ ድንጋይ አለ። በመገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ደግሞ የምናየው ሌላ ነገር አለ። እናት በአንድ እጇ ዕቃ ይዛ፣ በሌላው የሕፃን ልጇን እጅ ይዛ ወደ ታክሲው ታነሳዋለች። ልጁ «አሞኛል» ብሎ ያለቅሳል፤ እጁንም ማንቀሳቀስ ይተዋል። ይህ በአብዛኛው ከአንድ እስከ አራት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚደርስ የክርን አጥንት መንሸራተት ነው። የሠለጠነ ባለሙያ የልጁን ክንድ በተገቢው መንገድ በማዞር በቅጽበት ይመልሰዋል፤ ልጁም ብዙ ሳይቆይ በእጁ መጫወት ይጀምራል። እናቶች ልብ ሊሉት የሚገባው ግን መከላከያው ነው፤ ይኸውም ሕፃንን በእጁ ጎትቶ አለማንሳት፣ በብብቱ ሥር ይዞ ማንሳት ነው።

«ሕፃን ምን ያውቃል?»

«ሕፃን ምን ያውቃል፣ ነገ ይረሳዋል» የሚለው አባባል የእኛ አገር ሰው ብቻ አባባል አልነበረም። በአውሮፓና በአሜሪካ ሆስፒታሎችም እስከ 1980ዎቹ ድረስ (እ.ኤ.አ.) አራስ ሕፃናት ሕመም የመሰማት አቅማቸው አነስተኛ ነው ተብሎ ይታሰብ ስለነበር፣ ቀዶ ሕክምና ጭምር በቂ የሕመም ማስታገሻ ሳይሰጣቸው ይደረግላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ካንዋልጂት አናንድ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት ይህን እምነት አናጋው። በቀዶ ሕክምና ወቅት በቂ ማስታገሻ ያገኙ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ሰውነታቸው የተረጋጋ፣ ከሕክምናው በኋላ የሚደርስባቸውም ችግር ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

«ይረሳዋል» የሚለውንም የመረመረ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ አና ታዲዮና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ያለ ማደንዘዣ የተገረዙ ወንዶች ሕፃናት ከአራት እስከ ስድስት ወር ከሆናቸው በኋላ ክትባት ሲወጉ ካልተገረዙት ይልቅ ብርቱ ሕመም ያሳዩ ነበር። ከመገረዛቸው በፊት ማደንዘዣ ቅባት የተቀቡት ደግሞ በመካከል ሆኑ። ሕፃኑ ነገሩን በቃል አያስታውሰውም፤ ሰውነቱ ግን አይረሳውም ማለት ነው። የግርዛት ሥርዓት በየቤታችን ያለ ስለሆነ ይህን ውጤት ወላጆች ሁሉ ልብ ሊሉት ይገባል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በመጀመሪያው ሕክምና የታከመ ሕመም ለሁለተኛው ሕክምና መንገድ ይጠርጋል። ያልታከመ ሕመም ደግሞ ልጁ ነጭ ጋዋን ባየ ቁጥር እንዲሸሽ፣ ቤተሰቡም ቀጠሮ እንዲያሳልፍ፣ አንዳንዴም ልጁ እንደ እኛው ልጅ ዝም እንዲል ያደርጋል።

ማስታገሻው ምን ምን ነው?

ለአጥንት ጉዳት የመጀመሪያው ማስታገሻ መድኃኒት አይደለም። የተሰበረውን እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ መደገፍ ነው። በካርቶን፣ በታጠፈ መጽሔት ወይም በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ለስላሳ ጨርቅ ተደርቦ፣ ሳይጠብቅ፣ እንዳለ ቅርጹን ሳያስተካክሉ መደገፍ በቂ ነው። ክንድ ከሆነ በነጠላ ወይም በሻሽ አንገት ላይ ማንጠልጠል ሕመሙን ያስታግሳል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ለጥቂት ደቂቃዎች ማድረግም እብጠትን ይቀንሳል።

ሁለተኛው በአፍ የሚሰጥ ማስታገሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ለልጆች ሕመም ባወጣው መመሪያ፣ ለቀላል ሕመም ፓራሲታሞልንና አይቡፕሮፌንን፣ ለብርቱ ሕመም ሞርፊንን አስቀምጦ ነበር። የፓራሲታሞል መጠን በልጁ ክብደት በኪሎ 15 ሚሊግራም ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ 300 ሚሊግራም ይወስዳል ማለት ነው፤ በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ። የአይቡፕሮፌን መጠን በኪሎ 10 ሚሊግራም ነው፤ ለዚያው ልጅ 200 ሚሊግራም፣ ከምግብ ጋር፣ በየስድስት ወይም በየስምንት ሰዓቱ። ከሦስት ወር በታች ለሆነ ሕፃን፣ ኩላሊቱን ለሚያመው፣ ብዙ ተቅማጥና ትውከት ላለበት ወይም አስም ላለበት ልጅ ግን አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የፓራሲታሞል ሽሮፕ ጥንካሬው እንደየጠርሙሱ ይለያያል፤ በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም ያለው አለ፣ 250 ሚሊግራም ያለውም አለ። የቤት ማንኪያም እንደየቤቱ ይለያያል። ስለዚህ ጽሑፉን ማንበብ፣ ከመድኃኒቱ ጋር በሚመጣው መለኪያ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ መለካት ያስፈልጋል። የፓራሲታሞል መብዛት ጉበትን ይጎዳል።

አይቡፕሮፌን «ደካማ» ነው ብለው የሚንቁት አሉ። በካናዳ በኦታዋ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት የአጥንትና የጡንቻ ጉዳት ደርሶባቸው ድንገተኛ ክፍል የመጡ ልጆች ተመርምረው፣ አይቡፕሮፌን ከፓራሲታሞልም ከኮዴንም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 በዚያው አገር በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ቀላል ስብራት ያላቸው ልጆች ቤት ከገቡ በኋላ አይቡፕሮፌንና በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን እኩል አስታግሰዋል፤ ሞርፊን የወሰዱት ግን ማቅለሽለሽና እንቅልፍ በዝቶባቸዋል።

ለልጅ የማይሰጡም አሉ። አስፕሪን ለልጆች አይሰጥም፤ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ብርቅ ግን አደገኛ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ኮዴንም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ከልክሏል፤ በአንዳንድ ልጆች ሰውነት ውስጥ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ተለውጦ ትንፋሽን ስለሚያዘገይ ነው። ከጎረቤት የተረፈ እንክብል፣ ወይም ለአዋቂ የታዘዘን ለሁለት ሰብሮ መስጠትም እንዲሁ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው።

ሦስተኛው የማደንዘዣ መርፌ ነው። ሐኪሙ ሊዶካይን የተባለውን መድኃኒት በስብራቱ ቦታ ላይ በመውጋት ቦታውን ያደነዝዛል። መርፌው ለአፍታ ያማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መሳብ ግን እጅግ ይቀላል። ለትልልቅ ልጆች በብዛት የሚስማማው ይህ ነው።

አራተኛው ኬታሚን ነው። ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1962 የተሠራ ሲሆን፣ ከ1985 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። በአገራችን ሆስፒታሎችም ለረጅም ዘመን ሲያገለግል የቆየ ነው። በደም ሥር ሲሰጥ በአንድ ደቂቃ ገደማ፣ በጡንቻ ሲሰጥ በአምስት ደቂቃ ገደማ ይሠራል። ልጁ ዓይኑ ገልጦ ሊያይ፣ ዓይኑም ወዲያና ወዲህ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ሕመሙ ግን አይሰማውም። ወላጅ ይህን አስቀድሞ ካላወቀ ሊደነግጥ ይችላል። ልጁ ሲነቃ ሊያስመልሰው ወይም ግራ ሊጋባና ሊቃዥ ይችላል፤ ጸጥ ባለ ቦታ እናቱ አጠገቡ ሆና በለሆሳስ ብታነጋግረው ቶሎ ይረጋጋል። ኬታሚን የሚሰጠው ግን የሠለጠነ ባለሙያ፣ ኦክስጅን፣ የትንፋሽ መርጃና የደም ኦክስጅን መለኪያ ባለበት ቦታ ብቻ ነው። አጥንቱን የሚያስተካክለው ሰውና የልጁን ትንፋሽ የሚጠብቀው ሰው አንድ መሆን የለባቸውም።

ማደንዘዣ፣ ጾምና ሶብር

አንዳንድ አንባቢያን «አእምሮን የሚያደነዝዝ ነገር ለልጅ መስጠት በሸሪዓ እንዴት ይታያል?» ብለው ይጠይቃሉ። ለሕክምና አስፈላጊነት፣ በሚያስፈልገው መጠን፣ በባለሙያ የሚሰጥን ማደንዘዣ ዑለማዎች እንደሚፈቅዱት የታወቀ ነው። ለደስታ የሚወሰድ አስካሪና ለቀዶ ሕክምና የሚሰጥ ማደንዘዣ አንድ አይደሉም።

ሶብርም ቢሆን ሕክምናን መተው ማለት አይደለም። ሰው ሊያስወግደው በማይችለው መከራ መታገሥ አንድ ነገር ነው፤ በሽሮፕ ወይም በአንዲት መርፌ ሊወገድ የሚችልን የሕፃን ሕመም እያዩ «ታገሥ» ማለት ሌላ ነው። ልጁን ያቺን ሌሊት ዝም ያሰኘው «ሶብር አድርግ» የሚለው ቃላችን ነበርና ይህን ስንጽፍ ራሳችንንም እየገሠጽን ነው። የቀደሙት የሙስሊም ሐኪሞችም አጥንትን በእልህ አላከሙም። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በአንደሉስ በቆርዶባ አካባቢ የኖረው አቡል ቃሲም አል-ዘህራዊ ሠላሳ ክፍል ባለው የሕክምና መጽሐፉ የመጨረሻውን ክፍል ለቀዶ ሕክምና ሰጥቶ፣ በውስጡ ስብራትና ውልቃት የሚታከሙበትን መንገድ በየዓይነቱ ለይቶ አስቀምጧል። ወጌሻነት በእውቀት የሚሠራ ሙያ መሆኑን ያሳየ ሰው ነው።

ሌላው ጾም ነው። ከኬታሚንም ሆነ ከሌላ የሚያስተኛ ማደንዘዣ በፊት የልጁ ሆድ ባዶ ቢሆን ይመረጣል። የተለመደው ደንብ ምግብና የላም ወተት ለ6 ሰዓት፣ የእናት ጡት ለ4 ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ ለ2 ሰዓት ማቆም ነው። ስለዚህ ልጁ እንደወደቀ «ይበርታ» ብሎ ገንፎ ወይም ጭማቂ ማጠጣት ሕክምናውን ያዘገያል። የመጨረሻ ጊዜ የበላውንና የጠጣውን ሰዓት አስታውሶ ለሐኪሙ እውነቱን መንገር ያስፈልጋል። ማስታገሻ ሽሮፕ ከተሰጠውም ስሙን፣ መጠኑንና ሰዓቱን መንገር ይገባል።

ወላጅ ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ ይጠይቅ። «ከመሳባችሁ በፊት ለሕመሙ ምን ትሰጡታላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ነውር የለበትም፤ ሐኪምን መድፈርም አይደለም። ክሊኒኩ የሚሰጠው ማስታገሻ ወይም ማደንዘዣ ከሌለው፣ የጣቶቹ ቀለምና ሙቀት ደህና እስከሆነ ድረስ እጁን ደግፎ፣ በአፍ ማስታገሻ ሰጥቶ ወደ ሆስፒታል እንዲልክ መጠየቅ ይቻላል። አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ ከወጣ፣ ጣቶቹ ከነጡ ወይም ከቀዘቀዙ ግን ጊዜ አይሰጥም፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ሁለተኛ፣ አይዋሽ። «አያምህም» ተብሎ የታመመ ልጅ ሁለተኛ አያምንም። «ትንሽ ይቆጠቁጥሃል፣ እስከ አምስት እንቆጥራለን፣ ከዚያ ያልቃል» ማለት ይሻላል። «ዝም ካላልክ ሐኪሙ ይወጋሃል» ብሎ ማስፈራራት ፈጽሞ አይገባም። መርፌን የቅጣት መሣሪያ ያደረገ ወላጅ ልጁ በታመመ ጊዜ ይቸገራል።

ሦስተኛ፣ አጠገቡ ይሁን። ከተቻለ ልጁ በጀርባው ተጋድሞ ከመያዝ ይልቅ እናቱ ወይም አባቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ታቅፎ ቢሆን ፍርሃቱ ይቀንሳል። ሐሳቡን የሚወስድ ነገር ይዘጋጅለት፦ የሚወደውን ታሪክ መተረክ፣ ሱራ አብሮ መቅራት፣ እንደ ፊኛ እንዲነፋ ማድረግ፣ በስልክ ሥዕል ማሳየት። ይህ ለመድኃኒት ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም።

ለአራስ ሕፃን ደግሞ ጡት ራሱ ማስታገሻ ነው። ከመርፌ በፊትና በመርፌው ወቅት ጡት የሚጠቡ አራሶች ለቅሷቸው እንደሚያንስ በብዙ ጥናት ተረጋግጧል። ይህ በተለይ ቆልማማ እግር ይዘው ለሚወለዱ ልጆች ይጠቅማል። በስፔን ተወልደው በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ (ከ1914 እስከ 2009 እ.ኤ.አ.) ባስተማሩት ዘዴ፣ እግሩ በየሳምንቱ ቀስ እያለ እየተቃና ጄሶ ይታሰራል። አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጄሶ ይበቃል። በመጨረሻ ለብዙዎቹ የተረከዝ ጅማት በማደንዘዣ መርፌ ይበጠሳል። ዘዴው የሚሠራው ሕፃኑ ሲረጋጋ ነው፤ እያለቀሰ የሚወራጭ እግር አይቃናም። ስለዚህ እናት ጡቷን ወይም ጡጦ ይዛ መገኘቷ የሕክምናው አንዱ ክፍል ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ይህንና ሌሎች የልጆች አጥንት ሕክምናዎችን ይሰጣል።

አራተኛ፣ ጄሶ የሚቆርጠውን መጋዝ ያስተዋውቀው። ድምፁ ያስፈራል፤ ስለቱ ግን እንደ እንጨት መጋዝ አይዞርም፣ ወዲያና ወዲህ ይንቀጠቀጣል እንጂ። ባለሙያው በመጀመሪያ በራሱ መዳፍ ላይ አስነክቶ ቢያሳየው፣ ጆሮውንም ቢሸፍኑለት ልጁ ይረጋጋል። ስለቱ ሲቆይ ስለሚሞቅ ልጁ «አቃጠለኝ» ካለ ማቆም ያስፈልጋል፤ እዚህም ላይ ልጁ ይደመጥ።

ጄሶ ከታሰረ በኋላ

የጽሑፋችን ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በትክክል የታሰረ ስብራት ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን ይቀንሳል። ማስታገሻ ተሰጥቶትም ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ልጁ «አሁንም ስጡኝ» እያለ መድኃኒት ካበዛ፣ ጣቶቹ ሲዘረጉ ብርቱ ሕመም ካለ፣ ካበጡ፣ ከነጡ፣ ከጠቆሩ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ጄሶው እጁን አንቆታል ማለት ሊሆን ይችላል። በጠበቀ ጄሶ ወይም በእብጠት ምክንያት ደም የተቋረጠበት ጡንቻ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ይህ ለነገ ቀጠሮ የሚተው አይደለም፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ለዚህም ነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እጁ ከልብ በላይ ከፍ ብሎ በትራስ ላይ እንዲያርፍ፣ ጣቶቹም ሌሊት ጭምር እንዲታዩ የሚመከረው።

ስለ ወጌሻም በዚሁ እንናገር። ወጌሻዎች በሕዝባችን ዘንድ የተከበሩ ናቸው፤ ወለምታ አሽተው ስንቱን ያስነሡ አሉ። ነገር ግን በቀርከሃና በጨርቅ ጠበቅ አድርጎ የታሰረ ስብራት ጋንግሪን ሆኖ፣ እጅ ወይም እግር እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ልጆች በአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ታይተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ «አመመኝ፣ ፍቱልኝ» ብለው የለመኑ ናቸው። «እንዲይዝለት ነው፣ ይቻለው» ተብሎ ታልፏል። በክሊኒክ ጄሶም ሆነ በወጌሻ ቀርከሃ፣ አደጋው አንድ ነው፤ ምልክቱም አንድ ነው፤ የልጁ ቃል።

ወላጆችን ወደ ወጌሻ ከሚመልሳቸው ምክንያት አንዱ ሐኪም ቤት ያዩት የልጅ ጩኸት መሆኑን ከየቤቱ እንሰማለን። እንግዲህ በሕክምና ተቋማት ሕመምን ማስታገስ ቅንጦት አይደለም፤ ሕዝቡ ወደ ትክክለኛው ሕክምና እንዲመጣና በቀጠሮው እንዲመለስ የሚያደርግ ነው።

ሁለተኛው መሳብ

የእህታችን ልጅ ታሪክ በዚያች ሌሊት አላበቃም። ከሳምንት በኋላ በተነሣው ራጅ አጥንቱ ትንሽ ሸሽቶ ተገኘ። በልጆች ስብራት ይህ የሚያጋጥም ነገር ስለሆነ ነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተደጋጋሚ ራጅ የሚታዘዘው። ልጁ «እንደገና ይስተካከላል» የሚለውን ሲሰማ ከአልጋው ሥር ገባ።

በዚህ ጊዜ አያቱ ከእኛ ሁሉ ቀድመው ሐኪሙን ጠየቁ፦ «ዶክተር፣ ልጄ ይታመማል ወይስ አይታመምም?» አሉ። ሐኪሙም ጎንበስ ብሎ ለልጁ ነገረው። በእጁ ላይ ትንሽ መርፌ እንደሚገባ፣ ይህ እንደሚቆጠቁጥ፣ ከዚያ እንደሚያንቀላፋ፣ ሲነቃ እናቱን እንደሚያያት። እናቱ እጁን ይዛ «ቢስሚላህ» አሰኘችው። ኬታሚን ተሰጠው። ሌላ ባለሙያ ትንፋሹን እየተከታተለ አጥንቱ ተስተካከለ። ኮሪደር ላይ ሆነን ጩኸት ስንጠብቅ አንዳች ድምፅ አልሰማንም። ሲነቃ ጣሪያው ላይ ዓሣ አየሁ ብሎ ጥቂት አወራ፤ አንዴ አስመለሰው፤ ከዚያ ብስኩት ጠየቀ።

ያን ማታ ከእራት በኋላ እናቱ ዘንድ መጥቶ «ኡሚ፣ ትንሿ ጣቴ ትንሽ ታመኛለች» አላት። ጣቶቹን አየችለት። ሞቃት ናቸው፣ ይንቀሳቀሳሉ፣ ቀለማቸው ደህና ነው። እጁን በትራስ ከፍ አድርጋ፣ በኪሎው የተለካ ሽሮፕ ሰጥታ አስተኛችው። እንቅልፍ ወሰደው።

ለእኛ የመዳኑ ምልክት ይህ ነበር፤ ልጁ ሳይፈራ «አመመኝ» ማለቱ። ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ «አመመኝ» ሲሏችሁ ስሟቸው። በሚቀጥለው ወር በሌላ የቤተሰብ ጤና ጉዳይ እስክንገናኝ፣ አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።